ሊቀ አውታር እና ስድስቱ ክሮች

ሳይጠይቁት የሚያስተምር ሰው የሌለበት ቤት በዕድሜዬ አላየሁም። በእኔ ቤት ያለው ባለቤቴ ነው። ሥራው ሰዓት ጥገና ነው፤ ማዕረጉ ግን ሊቀ አውታር። ለማሾፍ ብዬ ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እሱ ግን እንደ ሹመት ተቀበለው።

ጊታሩን እንደ ሌላው ሰው ታቅፎ አይመታም። ጭኑ ላይ ያጋድመውና አንዲት ለስላሳ ብረት ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል። ድምፁ እንደ እንጉርጉሮ ይሳባል። ታዲያ ከመጫወት በፊት መቃኘት አለ። እሱ ሲቃኝ ስንት ድስት አርሯል፣ ስንት እንግዳ ተሰናብቷል፣ ሁለት ልጆችም አድገው ከቤት ወጥተዋል።

"ስሚማ" ይለኛል ሽንኩርት ስልጥ። "ክሮቹን ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ከዚያ እንደገና ሲ እና ኢ ብዬ ቃኝቻቸዋለሁ። ሲን አንድ ብለሽ ቁጠሪ። ኤ ስንተኛ ናት?"

"ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ... ስድስተኛ።"

"የድምፆቹ ኅብር፣ ኮርዱ፣ ሲ ስድስት የተባለው ለዚህ ነው። ባሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ከሥር ኤን ከያዘ ግን፣ እነዚያው ድምፆች ያዝኑና ኤ ማይነር ሰባት ይባላሉ። ቤተሰቡ ያው ነው፤ አባወራው ሲለወጥ የቤቱ ስም ይለወጣል።"

"እኛስ ታዲያ በማን ስም ነው የምንጠራው?"

"ባሱን የያዝሽው አንቺ አይደለሽ? እኔማ ዝም ብያለሁ።"

ዝም ማለትስ አያውቅበትም። ከሦስት ባንዶች ተባሯል፤ ከሁለቱ በዚሁ አመሉ። አንዱ ጋ ድምፅ ማጉያው እዝዝ ሲል፣ "ይሄ ጂ ነው፤ ትንሽ ከፍ ብሏል" ብሎ ልምምድ አስቁሟል። የሦስተኛውን ምክንያት እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ካቻምና የወጣቶች ባንድ ጠራው። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከእንግዲህ ሌላ የሚጠራው እንደማይመጣ ሁለታችንም አውቀነዋል። ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ። "አደራህን፣ እንዳታስተምር" አልኩትና አብሬው ሄጄ ጥግ ተቀመጥኩ።

ባስ ጊታር የምትመታው ልጅ አዲስ ናት፤ ዓይኗን ከክሮቹ ላይ አትነቅልም። ሲን መያዝ ሲገባት ኤን ያዘች። ደስ ሊል የሚገባው ቦታ አዘነ። አርባ ዓመት ሽንኩርት እየላጥኩ የተማርኩት በከንቱ አልቀረም፤ ወዲያው ገባኝ። የባንዱ መሪ ግን የዞረው ወደ ሽማግሌው ነው።

"አባባ፣ ክርዎ ወርዷል መሰለኝ። እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው ልንፈልግ ነው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔም ትምህርት ሊጀምር ነው አልኩ በልቤ፤ ሊቀ አውታር ከተወለደ ጀምሮ ተሳስቶ አያውቅማ።

"አዎ፣ የኔ ጥፋት ነው" አለ።

ክር የሚያጠብቅ መስሎ ጎንበስ ሲል፣ በኋላ ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ "ልጄ፣ እዚያች ጋ ሲን ያዢ" ብሏታል በሹክሹክታ።

ደግመው ተጫወቱት፤ አማረ። "አሁን ገና ተቃኙ፣ አባባ" አለው መሪው። "ቅዳሜ መድረክ ላይ እንዳይቀሩ።"

መንገድ ላይ፣ "ማን እንደተሳሳተ አውቄያለሁ" አልኩት።

"ዝም በይ፤ ልጅ ናት" አለኝ።

ጊታሩን ከእጁ ተቀብዬ እስከ ቤት ተሸከምኩለት። ይከብዳል አልኩት እንጂ፣ ኮራሁብህ አላልኩትም።