የጉልበቴ መጋረጃ

ፍርሃት በእያንዳንዱ ሰው ላይ የራሱ መቀመጫ አለው። አንዳንዱ ሲፈራ ድምፁ ይዘጋል፤ አንዳንዱን እጁን ያልበዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሳይጠይቁት ያወራል። ባነበብኳቸው ልቦለዶች ውስጥ ያሉ ሴቶች በአብዛኛው የሚፈሩት በከንፈራቸው ነው። ከንፈራቸው ትንሽ ይንቀጠቀጥና እንዲያውም የበለጠ ያምርባቸዋል። በጉልበቷ የምትፈራ ሴት ግን እስካሁን በመጽሐፍ አልገጠመችኝም። ማን ይጽፍላታል? እኔ የምፈራው በጉልበቴ ነው።

ይህን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለማስተማር ልምምድ የተላክሁ ቀን ነው። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ቀጥ ያለ ግራጫ ጉርድ ለብሼ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ጉልበቴ ጀመረ። ቀጥ ያለ ጉርድ ምስጢር አይጠብቅም፤ ከኋላ ወንበር አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ብርድ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ወሩ ግንቦት ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሠላሳ ደቂቃ ወንበር ላይ ተቀምጬ አስተማርኩ፤ ገምጋሚውም በቅጹ ላይ «ከወንበሯ አልተነሳችም» ብሎ ጻፈ። ውሸት አልጻፈም።

ተመርቄ የተመደብኩት እዚሁ የተወለድኩበት ከሚሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ፊዚክስ ለማስተማር ነው። በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ክፍሌ ኋላ ተቀምጠው እንደሚገመግሙኝ ተነገረኝ። ውጤቱ ያላማረ መምህር ወደ መዝገብ ቤት ይዛወራል የሚል ወሬም ነበር። እውነቱን ለመናገር መዝገብ ቤቱ ጥላ ያለው፣ ጸጥ ያለ ክፍል ነው፤ መጽሐፍም ያስነብባል። ችግሩ እናቴ «ልጄ ፊዚክስ አስተማሪ ሆነችልኝ» ብላ ከእኛ በር እስከ መናኸሪያ ድረስ ላለው ሰው ሁሉ ተናግራ ጨርሳለች። ሰፈር ያወቀውን ነገር ማን ይመልሰዋል?

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት አርባ ደቂቃ ሙሉ ቆሜ ማስተማር ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ድፍረት ይለማመድ ነበር። እኔ ጉርድ ነደፍኩ።

ሐሳቤ ቀላል ነው። የመምህራን ነጭ ጋዋን የሚያልቀው ጉልበት ላይ ነው፤ የእኔ ችግር የሚጀምረው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። ወገብ ላይ ልክክ ብሎ ወደ ታች እየሰፋ የሚወርድ ጉርድ፣ ልብስ ሰፊዎች ክሎሽ የሚሉት፣ በውስጡ ለሁለት ጉልበት የሚበቃ ሰፊ ቦታ አለው። እዚያ ውስጥ ቢንቀጠቀጡ፣ ቢጨፍሩ፣ ማን ያያል? ርዝመቱ እስከ ባት አጋማሽ። እናቴ «እስከ ቁርጭምጭሚት ብታደርጊው ምን ይልሻል?» አለች። ሰሌዳው ሥር ያለችው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ስወጣ ረግጬው እንደምወድቅ አስረዳኋት። ብዙ ተከራክረን ከሥሩ ወፍራም ጥቁር ታይት እንድለብስ ተስማማን። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዚፑ በጎን፣ ነጭ ሸሚዝ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሻሼም ሰማያዊ። ሱፍ ቢሆን ከብዶ ይወርድልኝ ነበር፤ ግን በከሚሴ ሙቀት ሱፍ የሚለብስ ሰው ከግምገማው በፊት ሐኪም ያስፈልገዋል። እናቴ ከሰንበቴ ገበያ ስስ ጨርቅ ገዝታ መጣች።

ጋሽ ይመር አስፋልቱ ዳር ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ። ሴት በእጃቸው አይለኩም። ክፍሏ መሃል ላይ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ሚስታቸው እትዬ ዘይነባ ይለኩና ቁጥሩን በኦሮምኛ ይጠራሉ፤ ጋሽ ይመር ከወዲህ ሆነው እየሰፉ ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ወገቤን ለክተው «ጃታሚ ጃሃ!» አሉ፤ ስድሳ ስድስት። ርዝመቱን ሊለኩ ጎንበስ አሉ። ሰው ሲለካኝም እፈራለሁ ለካ። ከታች ሆነው ቀና ብለው አዩኝና «ወላሂ ልጄ፣ ጉልበትሽ እኮ እንደ እሱ የስፌት መኪና ነው» አሉ። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው ነው። ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ቆመ።

ከዚያ በኋላ የምደብቀው ነገር አልነበረም፤ ሁሉን ተናገርኩ። ጋሽ ይመር «አብሽሪ» አሉ። የወገቡን ክብ ራዲየስ በሒሳብ ያወጣሁበትን ወረቀት ሰጠኋቸው። ገልብጠው ያዙት፣ በትህትና አዩት፣ መለሱልኝ። ከዚያ በወገቤ ልክ ክር ቆረጡ፣ ክሩን ስድስት ቦታ አጠፉት፣ ከጥፍር የማይበልጥ ቀነሱለት፣ አራት ላይ የታጠፈውን ጨርቅ በክሩ ልክ በጠመኔ ከበቡት። ለካሁት። አሥር ሳንቲሜትር ተኩል፤ እኔ በወረቀት ያወጣሁት ይኸንኑ ነው። አራት ዓመት ምን ስሠራ እንደነበር ለጊዜው ጠፋኝ።

ልሞክረው የሄድኩ ቀን ሱቁ ውስጥ ልብስ የሚጠብቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሁለቱም አዩኝ፤ ጉልበቴ ጀመረ። መስታወቱ ውስጥ ያየሁትን ነገር የፊዚክስ መምህር ሆኜ አስቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ። ጉልበቴ ላይ የጣት ያህል የነበረው እንቅስቃሴ ስሱን ጨርቅ ይዞ ወረደና ጫፉ ላይ ሲደርስ ስንዝር ሆነ። ጉርዱ ዙሪያውን እንደ ኩሬ ሞገድ ያነሳ ነበር። አንዷ ሴትዮ «ማሻ አላህ፣ ነፋስ አለው እንዴ ቤቱ?» አሉ። ስለ ሞገድ ለተማሪዎቼ የማስተምረው ደግሞ በዚያው ረቡዕ ነው።

መፍትሔውን ያገኙት እትዬ ዘይነባ ናቸው። ከአልጋ ሥር ጣሳ አውጥተው ከአሮጌ ካፖርቶች የተነቀለ የብረት አዝራር አሳዩኝ። ጋሽ ይመር የጉርዱን የታች እጥፋት ሃያ ትንንሽ ኪስ አድርገው በየኪሱ አዝራር ሊከቱበት ወሰኑ። አንድ አንድ ይበቃል አልኳቸው። ይበቃ ነበር። ጉርዱን ሊያስረክቡኝ ሲያጥፉት ግን፣ ለእኔ አስበው ሁለት ሁለት እንደከተቱበት ነገሩኝ። «አንዱ ቢሰንፍ ሌላው ይይዘዋል» አሉ። ፈታ አድርገው አንድ አንዱን ያውጡልኝ ማለት ነበረብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደፍሬ የምናገር ብሆን ኖሮ ጉርዱስ ምን ያደርግልኝ ነበር?

ቤት ወስጄ ለበስኩት። አመለኛው ጨርቅ ጭምት ሆኗል። ተራመድኩ፣ ዞርኩ፣ ቆምኩ፤ ጸጥ ያለ ነው። አንድ ነገር ብቻ አላሰብኩም፤ እናቴ ፊት አልፈራም።

ረቡዕ ገባሁ። ምክትሉ ከኋላ ቅጻቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል። ሰሌዳው ፊት ቆምኩ፣ ጉልበቴ ጀመረ፣ ቁልቁል አየሁ። ጉርዱ ቀጥ ብሏል! ማንም ምንም አያይም። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ደስታዬ እስከዚያ ድረስ ነበር፤ ከዚያ ተሰማ። ክች ክች ክች ክች ክች።

ሃያ ጥንድ የካፖርት አዝራር በየኪሱ እርስ በርሱ ይጋጫል። ከፊት የተቀመጠችው ፎዚያ ወደ ላይ አይታ «ቲቸር፣ ዝናብ መጣ መሰለኝ» አለች። ውጭ ፀሐዩ ይነዳል። «ዝናብ አይደለም፣ አይጥ ነው» አለ አንዱ፤ ሌላዋ እግሯን ወንበር ላይ ሰቀለች። ክፍሉ ሳቀ። ምክትሉ ጣሪያውን ትክ ብለው አዩና ቅጻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። እኔ ይበልጥ ፈራሁ፤ አዝራሮቹም ይበልጥ ፈጠኑ።

ወንበሩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ብቀመጥ ያበቃል፤ መዝገብ ቤትም እገባለሁ። ወደ ወንበሩ ተራመድኩ። ድምፁ ቆመ። ስቆም ተመለሰ። እንደገና ተራመድኩ፤ ቆመ። ጉልበት ለካ እየተራመደ መንቀጥቀጥ አይችልም! ወንበሩን አልፌ በተማሪዎቹ መሃል ገባሁ፤ አልቆምኩም። በመጀመሪያው ረድፍ ሄጄ በሁለተኛው ተመለስኩ፤ እየተራመድኩ ጠየቅሁ፣ እየተራመድኩ ደብተር አየሁ፣ ሰሌዳው ላይ እንኳ እየሄድኩ ስለጻፍኩ ሞገዱ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ረዝሞ ተሳለ። አርባ ደቂቃ። ከሚሴ ከተማን ሁለት ጊዜ ሳልዞራት አልቀርም።

ምክትሉ ቢሯቸው አስጠርተው ቅጹን አሳዩኝ። «በክፍል ውስጥ እየተዘዋወረች ታስተምራለች» ከሚለው ፊት ለፊት ሙሉ ነጥብ ሰጥተውኛል። «እንዳንቺ ያለ ንቁ መምህር አይቼ አላውቅም፤ ሌሎቹማ ከወንበር አይነሱም!» አሉኝ። መሻሻል ያለበት በሚለው ሥር የጻፉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ምስማር ስለላላ ይጠገን። በማግስቱ አናጢ መጥቶ ግማሽ ቀን ጣሪያ ላይ ዋለ። ችግሩን አግኝቶ እንዳስተካከለውም ሪፖርት አደረገ።

እናቴ ወሬውን እስከ መናኸሪያ አደረሰችው። እኔም መዝገብ ቤቱን ተሰናብቼ በሰላም ልኖር ነበር፤ ምክትሉ ግን የፊታችን ሐሙስ በመምህራኑ ሁሉ ፊት የሰርቶ ማሳያ ትምህርት እንድሰጥ ወስነዋል። እንግዶቹ በየመተላለፊያው ወንበር ደርድረው ስለሚቀመጡ መዘዋወሪያ አይኖርም፤ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ነው የማስተምረው።

ትናንት ጉርዱን ይዤ ጋሽ ይመር ዘንድ ሮጥኩ፤ ከየኪሱ አንድ አንድ አዝራር ሊያወጡልኝ። አፌን ሳልከፍት እትዬ ዘይነባ ስለ ሐሙስ ሰምተው ኖሮ «ሂን ሶዳቲን፣ ልጄ፣ ምንም አትፍሪ» ብለው ጉርዱን ከእጄ ተቀበሉኝ። ጋሽ ይመርም ጣሳውን አቀረቡ። «ለተማሪ ሁለት ሁለት በቃ፤ ለዚያ ሁሉ አስተማሪ ግን ሦስት ሦስት ነው» አሉ። አመሰግናለሁ አልኳቸው፤ ሌላ ምን እላለሁ?

ትምህርቱ የሚሰጠው እዚያው ክፍል ነው። ጣሪያው ደግሞ ተጠግኗል።