የሚከተል ጋዝ

(የድሮ ቀለም ፋብሪካ ግቢ። መሬቱ ስለተመረዘ ቆፋሪዎች አፈሩን እያወጡ ነው። አየሩን የሚለኩት ሁለቱ ሠራተኞች ቱታና የመርዝ መከላከያ ጭምብል አድርገው ጉድጓዱ አጠገብ ቆመዋል። አንዱ አለቃው ነው፤ የማያውቀው ነገር ስለሌለ «ሊቁ» ይሉታል። ሌላዋ ረዳቱ ናት። ሊቁ እንደ ዘወትሩ መለኪያውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ እንደ ሕፃን ቸብ ቸብ ያደርገዋል። መለኪያው ይጮኻል።)

ረዳቷ፦ ይኸው ደግሞ! ጋሼ፣ ተሳስቶ ይሆናላ?

ሊቁ፦ መሣሪያ አይሳሳትም። ደግሞ ዛሬ ጋሼ አትበይኝ።

ረዳቷ፦ ምን ልበልዎት ታዲያ?

ሊቁ፦ ምንም! (ወደ ቆፋሪዎቹ) ውጡ! ሁላችሁም ከገመዱ ወዲያ!

(ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ጥለው ይሮጣሉ።)

ረዳቷ፦ እኛስ አንሮጥም?

ሊቁ፦ እኛ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እንቆማለን። ጋዝ ነፋስን ተቃውሞ አይሄድም።

(ይሄዳሉ። ጩኸቱ ይብሳል።)

ረዳቷ፦ ይሄኛው ሄዷል።

ሊቁ፦ ብልጥ ጋዝ ነው። በዚያ በኩል እንዙርበት።

(ይዞራሉ። አሁንም ይጮኻል።)

ረዳቷ፦ ጋሼ፣ ይቺ ጋዝ ሳትወድዎት አልቀረችም።

ሊቁ፦ ቀልድ አይደለም! እነዚህ ሰዎች የልጆች አባት ናቸው። አንዱ መርዝ ስቦ ቢወድቅ ምን እላለሁ?

ረዳቷ፦ እሱስ እውነትዎን ነው። እስኪ እኔ ልያዘው፣ ላብ በላብ ሆነዋል።

(ተቀብላው ወደ ጉድጓዱ አፋፍ ትሄዳለች። መለኪያው ጸጥ ይላል። ትመለሳለች። ይጮኻል። ግራ ገብቷት እንደገና ሄዳ ትመለሳለች። ይጮኻል።)

ረዳቷ፦ እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ጉድጓዱ ደህና ነው። የተመረዙት እርስዎ ነዎት።

ሊቁ፦ ምን አልሽ?

ረዳቷ፦ (መለኪያውን ወደ አንገቱ ታስጠጋለች፤ ኡኡታ ይሆናል) የቱታዎን ዚፕ ከፍተውታል። ከዚህ ነው የሚወጣው። ምን ተቀብተው ነው?

ሊቁ፦ (ድምፁ ቀዝቅዞ) ትንሽ... ሽቶ።

ረዳቷ፦ ትንሽ?

ሊቁ፦ ጠርሙሱ ትንሽ ነው።

ረዳቷ፦ መለኪያው ሽቶና መርዝ አይለይም፣ ተቀብታችሁ እንዳትገቡ ያሉን እርስዎ አይደሉ?

ሊቁ፦ ብያለሁ። አልካድኩም።

ረዳቷ፦ ሁላችንም ጭምብል አጥልቀን ማን ያሽትልዎ ብለው ነው?

ሊቁ፦ ከማጥለቃችን በፊት... በሩ ላይ... ነርሷ ስትመረምረን።

ረዳቷ፦ እሺ፣ ምን አለችዎት?

ሊቁ፦ «የደም ግፊትህ ጨምሯል» አለችኝ።

(የእጅ ራዲዮው ይንኮሻኮሻል። የነርሷ ድምፅ፦ «ምን ተፈጠረ? የተጎዳ ሰው አለ?»)

ሊቁ፦ (በሹክሹክታ) እሷ ናት! ሽቶ መሆኑን ንገሪያት፤ ሰዎቹ በከንቱ አይሸበሩ። ለማን እንደተቀባሁት ግን በሞቴ! እሱን ብቻ ዝለይልኝ።

ረዳቷ፦ ለእኔ ይተዉት። (ራዲዮውን አንስታ) ሲስተር፣ ሁሉም ደህና ነው። መለኪያው የጮኸው በአለቃዬ ሽቶ ነው።

ሊቁ፦ (በእጁ ምልክት) ጎበዝ! በቃ፣ ዝጊው!

(የነርሷ ድምፅ፦ «ሰዎቹን በማስወጣቱስ ደግ አደረገ። ግን ለቁፋሮ ሽቶ ምን ያደርጋል?»)

ረዳቷ፦ እሱን ዝለይው ተብያለሁ፣ ሲስተር። ግን ከዘለልኩት ነገም ይቀባሉ፣ ነገም እንሮጣለን። የተቀቡት ለአንቺ ነው።