ሳማት ወይስ ሰማት

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ማንንም አይጎዳም። አንዱን መጽሐፍ አሥር ጊዜ የሚያነብም ቢበዛ ራሱን ነው የሚጎዳው። መፍራትስ ያንኑ አንድ መጽሐፍ በታተመ ቁጥር እየገዛ፣ እትሞቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ የትኛዋ ፊደል የት ላይ እንደተሳሳተች የሚያድነውን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየቤተ ዘመዱ አንድ አይጠፋም። ደግነቱ፣ አብዛኞቹ በእጃቸው የጥርስ መሰርሰሪያ አይዙም። የሲስተር ባል ግን ይይዛል።

ባልየው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ከሚስቱ ጀምሮ ሁሉም ዶክተር ነው የሚሉት። እሷ ነርስ ናት፤ ከባሏ ጀምሮ ሁሉም ሲስተር ነው የሚሏት። ሁለት ክፍል ባላት ክሊኒካቸው እሱ ጥርስ ይነቅላል፤ እሷ ካርድ ታወጣለች፣ ተራ ታስከብራለች፣ ማደንዘዣ ታቀርባለች፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በባሏ ፋንታ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ አንድ ፈረሰኛ፣ ስለ አንዲት ንግሥትና ስለ አንድ ዘንዶ የሚተርክ የታወቀ የድሮ ልብ ወለድ አለ። በመጀመሪያው እትም፣ ዘንዶው የግንቡን በር ሲደበድብ ፈረሰኛው ንግሥቲቱን «ሳማት» ይላል። በሁለተኛው «ሰማት» ይላል። ሦስተኛው ላይ ፈረሰኛው ሰይፉን መምዘዙ ቀርቶ «ሰይፉን መዘነ»፤ አራተኛው ላይ ደግሞ «ዘውዱን ጥሎ ተሰደደ» የነበረው «ዘመዱን ጥሎ ተሰደደ» ሆኖ ቁጭ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈዋል። ክቡር ዶክተር ግን የሳማት ወገን ነው፤ ለዚህች ቃል አንገቱን ይሰጣል።

«የትኛውን እትም ነው ያነበቡት?» ይላል፣ ታካሚው አፉን ገና ሲከፍት።

«አአ...»

«አዎ፣ ሁለተኛውን! ፊትዎ ያስታውቃል። ተታለዋል እኮ! በአንዲት ፊደል ምክንያት ሰውዬው ወንደላጤ ሆኖ ቀረ!»

አፉ ውስጥ ጥጥ የተወተፈበት ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? ዶክተር ዝምታውን ሁሉ እንደ ድጋፍ ድምፅ ይቆጥረዋል። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጥርሱን ሊያስሞላ ገብቶ፣ ሰይፍ ስለመመዘን አቋም ይዞ ወጣ። አንዲት መምህርት ሦስተኛውን እትም ማንበቧን ስትናገር፣ ዶክተር መሰርሰሪያውን አጠፋና መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እመቤቴ፣ አዝናለሁ፤ እርስዎ መጽሐፉን አላነበቡትም» አላት። ለቅሶ ሊደርሱ በሄዱበት ቤት ደግሞ ሐዘንተኞቹ መሀል ተቀምጦ ድንገት «ተገኘች!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ደንግጦ ቀና ሲል፣ ለካ መደርደሪያው ላይ አራተኛውን እትም አይቶ ኖሯል። ሲስተር፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች።

ይህን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው፣ ከመንገዱ ማዶ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቶ፣ ጣሪያው ላይ ቴሌቪዥን ሰቅሎ ደንበኞቻቸውን ማሻገር ሲጀምር ነው።

«ስማኝ» አለችው አንድ ጠዋት፣ «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ ስለዚያ መጽሐፍ ትንፍሽ ብትል እኔን አታገኘኝም።»

«ስለ ሰይፉም?»

«ስለ ሰይፉም፣ ስለ ዘመዱም፣ ስለ ዘንዶውም!»

ዶክተር ቃሉን ጠበቀ። ጉዱም ከዚያ ጀመረ።

መጀመሪያ ወንበሩ ላይ የወጡት የቆዩ ደንበኛቸው፣ ጡረተኛው ኮሎኔል ነበሩ። ዶክተር አፋቸውን አየ፣ ዝም አለ። ጥርሳቸውን ነካ ነካ አደረገ፣ ዝም አለ። ኮሎኔሉ ደረታቸው ላይ የታሰረውን ወረቀት እንዳንጠለጠሉ ብድግ ብለው ሲስተርን ወደ ጥግ ጎተቷት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን አገኘብኝ?»

«ምንም የለም ኮሎኔል፤ አንድ የተቦረቦረ ጥርስ ነው።»

«ታዲያ ስለ ሳማት ለምን አላነሳም? ይህ ሰው እናቱ የሞቱ ቀን እንኳ አንስቷል!»

ምንም ብትላቸው አላመኑም። ቤታቸው ሄደው ልጆቻቸውን ሰበሰቡና ተናዘዙ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ዶክተሩ ዝም ካለ አበቃልህ ተባለ። የባንክ ሠራተኛዋ መርፌው ሳይነካት ራሷን ሳተች። ሾፌሩ ከነሕመሙ መዞርን መረጠ። ዶክተር ራሱም ከሳ፤ እራት ላይ ማንኪያውን እንደያዘ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሲስተር ሰላም አገኘሁ ስትል፣ ቤቷን የሚያስፈራ ጸጥታ ሞላው።

ብዙም ሳይቆይ ኮሎኔሉ ጉንጫቸው አብጦ፣ ቤተሰባቸውን አስከትለው መጡ። ትልቋ ልጃቸው መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ታለቅሳለች።

«አፍዎን ይክፈቱ» አላቸው ዶክተር።

«አልከፍትም!» አሉ ጥርሳቸውን እንደነከሱ። «መጀመሪያ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረኝ ንገረኝ።»

ሲስተር ባሏን አየችው፤ ኮሎኔሉን አየቻቸው፤ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«እኔ እንኳ...» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ሰማት የሚለው ነው የሚሻለኝ።»

የዶክተር እጅ አየር ላይ ቀረ። «ምን አልሽ?»

«ሰማት። ዘንዶ በር እየደበደበ ምን መሳሳም ነው? መጀመሪያ ይስማት እንጂ!»

«በሩን ስለሚደበድብ እኮ ነው የሳማት! ያንን እትም ያረመው ሰውዬ በሕይወቱ ተስሞ አያውቅም!»

«ልጆች፣ ደህና ነኝ!» ብለው ጮኹ ኮሎኔሉ ወደ በሩ፣ አፋቸው እስከ ጆሯቸው ተከፍቶ። «ደህና ነኝ! ጀመረው!»

ዶክተር ሁለተኛውን እትም እየረገመ ማደንዘዣውን ወጋቸው፤ ሦስተኛውን ረግሞ ሳይጨርስ ጥርሱ ሳህኑ ላይ ኳ አለ።

ክሊኒኩ ወደ ጫጫታው ተመለሰ። ሲስተር ግን በራሷ ላይ ጣጣ ገዛች። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ መጽሐፍ አንዲት ገጽ አንብባ አታውቅም፤ ዶክተር ደግሞ ኩሽናም ትግባ መኝታ ቤት «በምን ማስረጃ?» እያለ ይከተላታል። እጅ መስጠት አልፈለገችም። እሑድ ከሰዓት፣ እሱ ልብስ ሲያሰጣ፣ ከመደርደሪያው እጇ የገባላትን ቅጂ አውጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ለክርክር የምትሆን አንዲት መስመር ፈልጋ ልትመልሰው ነበር። የተሰጣው ልብስ ደርቆ ሲሰበሰብ እንኳ ካለችበት አልተነሳችም።

ዶክተር ልብሱን አስገብቶ፣ ባዶ ቅርጫቱን እንደያዘ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። የገጾቹን ጥግ እያጠፈች ነበር የምታነበው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ቤቱን ባናወጠው። አፉን ከፈተ። ከዚያ ፊቷን አየ፤ ከንፈሯ ሳይታወቃት ይንቀሳቀሳል።

«የት ደረስሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«እባክህ ተወኝ፤ ዘንዶው በሩ ላይ ነው።»

ቀጣዩን ገጽ በየእትሙ በቃሉ ያውቀዋል። ሊፈነዳ ደረሰ። ቅርጫቱን ደፍቶ ተቀመጠበትና፣ እሷ ገጹን እስክትገልጠው ድረስ ከንፈሩን ነክሶ ፊት ፊቷን ያያት ጀመር።