ሌሊት ሌሊት የሚስማሙት ሳጥኖች

ሥራውን በአንድ ቃል መናገር የሚችል ሰው የታደለ ነው። «ሐኪም ነኝ» ይላል፤ ወዲያው አጠገቡ ያለው ሁሉ ወገቡን ይዞ ማቃሰት ይጀምራል። «መምህር ነኝ» ይላል፤ ሰው አዝኖለት ወንበር ይለቅለታል። እኔ ግን ለቅሶ ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር መከራዬን አያለሁ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» ይሉኛል። ተመራማሪ መሐንዲስ ነኝ እላለሁ። «መንገድ ነው?» አይ። «ሕንፃ?» አይደለም። «እንግዲያ ድልድይ ነው የሚሆነው» ይላሉ፣ ተስፋ ሳይቆርጡ። ሮቦት እሠራለሁ፣ ደግሞም እዚህም እዚያም ተበታትነው በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሴንሰሮችን አጠናለሁ ስላቸው ትክ ብለው ያዩኝና «እግዜር ይርዳህ» ብለው ወደ ሟቹ ጉዳይ ይመለሳሉ።

አንበሳሜ ያለችው እናቴ ነገሩን አቃልላዋለች። «ቴሌቪዥን ይጠግናል» ትላለች። የዶክትሬት ትምህርቴን ጨርሼ ቤት ስገባ እልል ተባለ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፤ ከዚያ አልጋው ሥር ተቀምጦ ሲጠብቀኝ የከረመ የጎረቤት ቴፕ ወጣ። ምን ላድርግ፣ ጠገንኩት። እውነቱን ልንገራችሁና በሙያዬ የዚያን ቀን ያህል ተመርቄ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ታሪኬ እንዲህ የሚያኮራ አይደለም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስቀጠር የመጀመሪያው ሮቦቴ በምረቃ በዓል ላይ ለክብር እንግዳው ውኃ እንዲያቀርብ ተሠራ፤ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ተደናቀፈና ውኃውን ለምንጣፉ አቀረበ። ሁለተኛው ሮቦቴ «ታዛዥ» ይባላል። ባለ አራት ጎማ ነው፣ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፣ ሥራውም አንድ ብቻ ነው፦ የሴንሰሮቹን የሬዲዮ ድምፅ እያዳመጠ ድምፁ ወደበረታበት መሄድ። ጉና ተራራን ግን በራሱ መውጣት አይችልም። ስለዚህ ሮቦታችን ወደ ሥራ ቦታው የሚሄደው በበቅሎ ተጭኖ ነው፤ አትሳቁ፣ እኔም የምሄደው በበቅሎ ነው።

የጉና ነገር እንዲህ ነው። እዚያ ላይ ገብስና ድንች ይዘራል፣ በግ ይረባል፣ ውርጭ ደግሞ ሳይጠራ ይመጣል። ዓምና አያ ደምሌ የሚባሉ ገበሬ ድንቻቸውን ማታ ለምለም እንደሆነ ትተውት ገብተው ጠዋት ሲወጡ የተቃጠለ መስሎ ጠቁሮ አገኙት። ውርጭ እንደሚጥል ማታውኑ ቢያውቁ ገለባ ያለብሱት ነበር። እኔም ይህን ሰምቼ ስድስት ሳጥኖች ሠራሁ። እያንዳንዳቸው ምሳ ዕቃ ያህላሉ፣ ብርድና ሙቀት ይለካሉ፣ ለጥገና እንዲመቹ በየማሳው በተተከለ እንጨት ላይ በመንጠቆ ተሰቅለዋል። አንዱ የለካውን ለጎረቤቱ ሹክ ይላል፣ ጎረቤቱ ለቀጣዩ፣ እንዲህ እየተባለ ወሬው ደብረ ታቦር ቢሮዬ ይገባል። ሐሜት የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ሳጥኖቹ ከራሳቸው አይጨምሩበትም።

ሰቅዬ የጨረስኩ ዕለት አያ ደምሌ «ታዲያ ውርጩ ሳይመጣ ይነግሩናል?» አሉኝ። ይነግሯችኋል አልኩ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። በቅሎዬ ላይ ስወጣ ደግሞ «አያ ደምሌ፣ እንግዲህ ዕቃዎቹን አደራ» አልኳቸው። መቼም እኛ ከተሜዎች አደራን እንዴት እንደምንጠቀምባት ታውቃላችሁ። አደራ ደውል፣ አደራ በሩን ዝጋ፣ አደራ ሽንኩርት እንዳትረሳ። አያ ደምሌ ግን ቆባቸውን አወለቁ፣ ቀጥ ብለው ቆሙና «ተቀብያለሁ» አሉ። ኧረ ምን ነካቸው እያልኩ ቁልቁል ወረድኩ።

ሳምንታት አለፉ፤ መረጃው ይጎርፋል። እኔም ከኮምፒውተሬ ሥር አልነሣም ብያለሁ፤ ለካ ጉድ አለ! ቀን ቀን ሳጥኖቹ እንደ ልማዳቸው ናቸው፦ ገደል አፋፍ ያለው ይበርደዋል፣ ፀሐይ የሚያገኘው ይሞቀዋል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ስድስቱም ቀስ በቀስ አንድ ዓይነት ቁጥር መናገር ይጀምራሉ። ያውም የሞቀ ቁጥር። ድምፃቸውም እየጠራ፣ እየበረታ ይሄዳል። ሲነጋ እንደገና ይለያያሉ።

በእኔ ሙያ የተበታተኑ መሣሪያዎች ያለ አለቃ እርስ በርስ ተነጋግረው አንድ ሐሳብ ላይ እንዲደርሱ ማድረግ ትልቁ ምኞት ነው። ስንት ሰው ፀጉሩን አሽብቶበታል! በእኛ ትምህርት ክፍል እንኳ ስብሰባው በስንት ሰዓት ይሁን በሚለው ላይ ተስማምተን አናውቅም። የእኔ ሳጥኖች ግን ጉና ላይ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሌሊት ሌሊት ይስማማሉ! ሙቀቱንም በቀላሉ አብራራሁት፤ ድንጋዩ የቀኑን ፀሐይ አምቆ ማታ ይመልሰዋል አልኩ። ነገሩን ሁሉ «የጉና ስምምነት» ብዬ ስም አወጣሁለት። ልጅ የወለደ ሰው እንኳ እንዲህ ቶሎ ስም አያወጣም።

ይርጋ የሚባል የስታትስቲክስ መምህር ጓደኛ አለኝ። ቁጥሮቹን አየና «እነዚህ ሳጥኖችህ አንድ አልጋ ላይ ነው እንዴ የሚያድሩት?» አለኝ። ከት ብዬ ሳቅሁበት። ቅናት ነው ብዬ ተውኩት።

ያኔ ነው እንግዲህ ገምጋሚዎቹ የመጡት። ሥራው ይቀጥል ወይም ይዘጋ የሚል ውሳኔ ሊሰጡ ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ መሪያቸው ዶክተር ሰብለ የምትባል ስትስቅ ታይታ የማትታወቅ ሴት ናት። ከተዘጋ ሳጥኖቹ ይነቀላሉ፣ አያ ደምሌም የዘንድሮውን ውርጭ እንደ ዓምናው ጠዋት ላይ ይሰሙታል፣ እኔም ወደ ቴፕ ጥገናዬ። የጉናን ስምምነት በዓይናችሁ አሳያችኋለሁ ብዬ ፎከርኩ። እኩለ ቀን ላይ ተራራው ላይ እንድንገኝ ነበር ዕቅዱ። ነገር ግን ደብረ ታቦር ላይ ምሳ በዛ፣ ገሳይ ላይ ጎማ ፈነዳ፣ በቅሎዎቹ ላይ ወጥተን ማሳው ዳር ስንደርስ ከብት መግቢያ ሆኗል። ጉሙም ወርዶ እንኳን ሳጥን፣ ከፊቴ ያለችውን ዶክተር ሰብለን የማያት በሳሏ ነው።

«ግድ የለም፣ ታዛዥ ዓይን አያስፈልገውም፤ የሳጥኖቹን ድምፅ ሰምቶ ይመራናል» አልኩና ሮቦቱን ከበቅሎ አውርጄ ለቀቅሁት። ታዛዥ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ዙሪያውን አዳመጠ። ከዚያ ለማሳው ጀርባውን ሰጠና ቁልቁል ወደ መንደሩ ነጎደ።

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ያ የምንጣፍ ውኃ ትዝ አለኝ። ላስቆመው ብሞክር እግሬ ጭቃ ላይ ይንሸራተታል፤ እሱ ግን አጥር ዞሮ፣ በግ አስደንብሮ፣ ውሻ አስጩኾ ይሄዳል። ከኋላው እኔ፣ ከኋላዬ ገምጋሚዎቹ፣ ሁላችንም ድርጭት እያሳደድን ያለን እንመስላለን። «ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች ዶክተር ሰብለ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ብነግራት ደስ ባለኝ። ታዛዥ አንድ ግቢ ገባ፣ በሩ ዘንድ ደረሰ፣ ደፉን መውጣት አቅቶት በአፍንጫው ያንኳኳ ጀመር።

በሩ ተከፈተ። የአያ ደምሌ ቤት ነው። የማኅበር ቀን ኖሮ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል፤ አያ ደምሌ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው ናቸው። እሳቱ ይንቦገቦጋል። እሳቱ ዳር፣ መደቡ ላይ፣ ስድስቱ ሳጥኖቼ ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል።

የጉና ስምምነት ይኸው።

አያ ደምሌ ሮቦቱን ቁልቁል አዩት። «ሰባተኛም ነበራቸው እንዴ? በሉ አስገቡት፣ ደጅ አታቁሙት» አሉ፤ አንድ ሰው አንሥቶ ከወንድሞቹ ጎን አስቀመጠው። ለእኛም ቦታ ተለቀቀልን፣ የገብስ ጠላና ትኩስ ድንች ቀረበ። እኔ ግን ምን ይውረድልኝ? «አያ ደምሌ» አልኩ፣ «እነዚህ ዕቃዎች ለምን እዚህ መጡ?»

«አደራ ብለኸን የለም?» አሉኝ፣ ጥያቄው ራሱ ግራ አጋብቷቸው። «የሰው አደራ ሜዳ ላይ ያድራል እንዴ? ጅቡ አለ፣ ሌባው አለ፣ ብርዱ አለ። እንዳይከብደን እንደ ማኅበራችን በየተራ እናሳድራቸዋለን። ሲነጋ ደግሞ እንደነበሩ እንሰቅላቸዋለን። አንድ ሌሊት አላጓደልንም!»

«ምነው ታዲያ ሳትነግሩኝ?»

«አደራ መጠበቅም ይነገራል እንዴ?» ብለው ዞር አሉ፣ ለእኔ አፍረው።

ዶክተር ሰብለ ድንቹን አስቀመጠች። አንድ ጊዜ ሳጥኖቹን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋ እስኪወርድ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ እስክትከት ሳቀች። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፤ የወጣው ድምፅ ግን የታዛዥን ጎማ ድምፅ ነበር የሚመስለው። የሚገርመው ነገር ሥራው አልተዘጋም። በሪፖርቷ ላይ «ኅብረተሰቡ ለፕሮጀክቱ ያሳየው የባለቤትነት ስሜት በሌላ ቦታ ያልታየ ነው» ብላ ጻፈች፤ ስለ ስምምነቱ ምርምር አንዲት ቃል ሳትተነፍስ። ስንት ዓመት በሳይንስ ያላገኘሁትን በጋቢ አገኘሁት ማለት ነው።

በማግስቱ አደራውን በወጉ አወረድኩ። የነፍስ አባታቸው ባሉበት ቆሜ፣ ጅብ ቢጎትታቸው፣ ብርድ ቢሰነጥቃቸው አልጠይቃችሁም፣ ደጅ ይደሩ፣ ሥራቸው ደጅ ማደር ነው አልኩ። አያ ደምሌ ቅር እያላቸው ቆባቸውን አወለቁና «ወርዶልናል» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥኖቹ ማሳቸው ላይ ማደር ጀመሩ፤ መስማማታቸውንም እርግፍ አድርገው ተዉት።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ቆሞ፣ ቁጥሮቹ መውረድ ጀመሩ። ሳጥኖቹ ተንሾካሾኩ፣ ኮምፒውተሬ ሰማ፣ የመንደሩ ስልክ ሁሉ ላይ «ዛሬ ውርጭ ይጥላል፣ ሰብላችሁን አልብሱ» የሚል መልእክት ሄደ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ። ደስታዬ ግን ዕድሜ አላገኘም። ብዙም ሳይቆይ አንዱ ሳጥን ሞቀ። ሁለተኛው ሞቀ። ስድስቱም ሞቁ፤ ተስማሙ! ኮምፒውተሩም በራሱ ፈቃድ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ለመንደሩ «የውርጭ ሥጋቱ ተወግዷል» ብሎ ላከ።

ይህን አምነው ገለባውን ቢያነሡትስ? ወዲያው ደወልኩ። «አያ ደምሌ! ያንን መልእክት እንዳትሰሙት! ውርጩ አልቀረም!»

«እናውቃለን እኮ» አሉኝ፣ ተረጋግተው። «ድንቹን ገለባ አልብሰነው ገብተናል። ሳጥኖችህ እሳት ዳር ስለተቀመጡ ነው እንዲህ የሚዘባርቁት፤ ማንም አልሰማቸው።»

«አደራውን አውርጄላችሁ አልነበረም እንዴ?»

«አውርደሃል፣ ማን ካደ! ግን ውርጭ መጣ ብለው የነገሩን እነሱ አይደሉም? ድንቻችንን አትርፈውልን እነሱን ደጅ እናሳድር? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ!»

ድንቹ ተረፈ። የአንድም ማሳ ቅጠል አልጠቆረም። ከዚያ ወዲህ ክርክሩን ትቼዋለሁ፤ ሳጥኖቹን የሚያስገቧቸው ውርጭ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ ይልቅ ፕሮግራሙን አሻሻልኩት። አሁን ስድስቱም ሳጥኖች አመሻሹ ላይ በአንድ ድምፅ «ሞቀን» ካሉ ኮምፒውተሩ በጉና ዙሪያ ላሉት መንደሮች ሁሉ የውርጭ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ይርጋ ይሄ ደግሞ ሳይንስ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ እንጃ፤ እስካሁን ግን አንድ ቀን አልተሳሳተም።