ኦቦ ጫምሳ ያስረዳሉ

ያኔ ነፋሱ በወንጂ በኩል ሲዞር የሞላሰስ ሽታ አዳማ መሃል ድረስ ይገባ ነበር። ኦቦ ጫምሳ እዚያ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ ሸንኮራ አገዳ ሲመዝኑ ስለኖሩ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሽታው ኮታቸውን አልለቀቀም፤ የአዳማ ሙዚየም ጠባቂ ሶረቲ መምጣታቸውን በአፍንጫዋ ታውቅ ነበር።

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አንዱ ለታክሲው ሾፌር መንገድ ያሳያል፤ ሌላው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟቹን በሽታ ከሐኪሙ አስበልጦ ያውቃል። ክቡር ኦቦ ጫምሳ ደግሞ የከተማችን ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ማንም ያልሾማቸው አስረጂ ነበሩ። «ቆዩማ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ» ሳይሉ ያሳለፉት ጎብኚ የለም። አንዴ ሠዓሊውን ራሱን ይዘው ስለ ገዛ ሥዕሉ አስረድተውታል፤ ሰውየው ጨዋ ነበርና አመስግኖ ሄደ።

ከሁሉ የሚወዱት የአገዳ ቆራጮቹን ሥዕል ነበር።

«ባለ ባርኔጣው ቆራጭ ግራኝ ነው» ይላሉ።

«ኧረ ቆንጨራውን በቀኙ ነው የያዘው፣ ኦቦ ጫምሳ፤ ዓይን አለኝ እኮ» ትላለች ሶረቲ።

«ዓይንማ ዶሮም አላት።»

ስምንት ዓመት ሙሉ በዚህ ተጨቃጨቁ።

ሙዚየሙ ለዕድሳት ሁለት ዓመት ተዘግቶ በአዲስ ዐውደ ርእይ፣ በሙዚቃና በሪባን ሲከፈት እሳቸውም መጡ። እጃቸው ግን ግድግዳውን ይዳብሳል፤ ከንፈራቸው እርምጃ ይቆጥራል። ሶረቲ ገባት። ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ለማንም አልተናገሩም።

የአገዳ ቆራጮቹ ሥዕል መጋዘን ገብቷል። በቦታው የተሰቀለው ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ የተቀባ ሸራ ነው።

ኦቦ ጫምሳ ፊት ለፊቱ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቆዩማ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይኼ ባለ ባርኔጣው . . .»

ለጉብኝት መጥተው አጠገባቸው የቆሙ ተማሪዎች ሸራውንም እሳቸውንም አይተው እርስ በርስ ተያዩ። ሰብሪና የምትባለው ልታርማቸው አፏን ስትከፍት፣ ሶረቲ ከኋላቸው ሆና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ልጆቹ እስከ መጨረሻው አዳመጧቸው። አንዱማ ማስታወሻ ያዘ።

ተማሪዎቹ ሲሄዱ «ሶረቲ፣ እዚህ ነሽ?» አሉ።

«አለሁ፣ ኦቦ ጫምሳ።»

«ባለ ባርኔጣው ግራኝ ነው፣ አይደለም?»

ዛሬ ልትሞግታቸው አንጀቷ አልቻለም። «አዎ፣ ግራኝ ነው» አለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

ኦቦ ጫምሳ ሸራውን ሊነኩ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ከመቼ ወዲህ ነው የምታዝኚልኝ?»

«ቀኝ ነው እኮ» አለች ሶረቲ፣ ዘግይታ። «በቀኙ ነው የያዘው፣ ኦቦ ጫምሳ። ዓይን አለኝ።»

እሳቸው ግን ግድግዳውን ይዘው፣ እርምጃቸውን እየቆጠሩ፣ ሳይሰናበቷት ወጡ።