ጋሽ ማኅተም በነፃ ሊያገለግሉ ሲነሡ

ጡረታ ወጥቶ "በነፃ ላገልግል" የሚልን አለቃ የሚያህል አስፈሪ ፍጡር በምድር ላይ የለም። ደመወዝተኛ ቢያስቸግር ይባረራል። በነፃ የሚሠራ ሰው በምን ይባረራል? እያንዳንዱ ሰፈር እንዲህ ያለ አንድ ሰው ይደርሰዋል። ለእኛ የደረሱን ክቡር ጋሽ ማኅተም ናቸው።

ስሙን ያወጣንላቸው እኛው የመሥሪያ ቤት ሰዎች ነን። ሠላሳ አራት ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ማኅተሙን በኪሳቸው ይዘው ኖሩ፤ ምሳ ሲበሉ እንኳ አንድ እጃቸው ከኪሳቸው አይርቅም። እኔ አሥራ አንዱን ዓመት የበታቻቸው ነበርኩ። "እሳት ተነሥቷል፣ ይውጡ!" ቢባሉ መልሳቸው ያው ነው፤ "በደብዳቤ ይገለጽልኝ።"

ጡረታ ሲወጡ አጨብጭበን ሻንጣ ሸለምናቸው። ወዴት እንዲሄዱ እንደፈለግን ግን አልነገርናቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ቢሮ ቢደውሉ አዲሷ ጸሐፊ "ማን ልበል?" አለቻቸው። ይህን ያወራችልኝ ራሷ ናት፣ እየሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ አልዋሽም።

መጀመሪያ የገዛ ቤታቸውን አገለገሉ። የጨው፣ የሩዝና የሻይ ቅጠል ጣሳ ላይ ሁሉ የመዝገብ ቁጥር ለጠፉ። ባለቤታቸው ጨው ፍለጋ አምስት ጣሳ ከፍተው ሲያበቁ፣ "ስማኝ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የማውቅህ ማታ ማታ ብቻ ነው። የተፋቀርነውም ለዚያ ነው። ውጣና ሥራ ፈልግ!" አሏቸው።

"በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?"

"በነፃ ነዋ! በነፃ ማን ይጠላል?"

ይህን ሲነግሩኝ አልሳቁም። "እኔ የምፈልገው አንድ ቀን ብቀር፣ መቅረቴ የሚታወቅበት ቦታ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም" አሉኝ። ጥያቄያቸው ይኸው ነው። ቀላል ይመስላል። እስቲ ሞክሩት።

ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍቱን ሰጣቸው። መጽሐፍ የሚዋስ ተማሪ ሁሉ ማመልከቻ እንዲጽፍ፣ ምክንያቱንም እንዲያብራራ ደነገጉ። በወር ውስጥ የተዋሱት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ የርእሰ መምህሩ ልጆች። መጻሕፍቱ እንደዚያ ወር አርፈው አያውቁም። ርእሰ መምህሩም "ጋሼ፣ ቤቱ ሊታደስ ስለሆነ፣ ሲያልቅ እንጠራዎታለን" አሏቸው። እድሳቱ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ቀን በአጥሩ ሥር አብረን ስናልፍ የቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ውስጡ ልጆች ይንጫጫሉ። ጋሽ ማኅተም ቆም አሉ። "ግንበኞቹ ልጅ እግር ናቸው መሰለኝ" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። የሰፈሩ ጤና ኮሚቴ አባል ነኝ፤ ድርሻዬ ስብሰባ ላይ ማዛጋት ነው። ካርድ ክፍል መደቧቸው። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ዘጠኝ ሺህ ካርድ ትጠብቃለች። ብልህ ናትና፣ ሐሙስ ሐሙስ ለክትትል የሚመጡትን የስኳርና የደም ግፊት ታካሚዎች ካርድ ለብቻው ነጥላ ጠረጴዛዋ ሥር በካርቶን ታኖራለች። ሰውየው ገና በር ላይ ብቅ ሲል ፊቱን አይታ ካርዱን ትመዛለች።

አንድ ረቡዕ ምሳ ልትበላ ወጣች። ጋሽ ማኅተም ካርቶኑን አገኙት። ካርድ፣ መሬት ላይ! ያለ ተራ ቁጥር! እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰማንያ ሁለቱንም በየቁጥራቸው ከዘጠኝ ሺሁ መሐል ሰገሰጉላት።

ሐሙስ ጠዋት ጉድ ፈላ። ታካሚዎቹ ቁጥራቸውን አያውቁም፤ "እሷ ታውቀን የለ" ብለው የቀጠሮ ወረቀታቸውን ከጣሉ ቆይተዋል። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ መሰላል ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

"አባቴ፣ ምን በደልኩዎት?"

"ሥርዓት ነው፣ ልጄ።"

"ሥርዓትማ ነበረኝኮ!"

ጋሽ ማኅተም ደነገጡ። ወረቀት ይዘው ታካሚዎቹ ወደተቀመጡበት አግዳሚ ወጡና ከእያንዳንዱ ታካሚ ፊት ጎንበስ እያሉ ስም እስከ አያት ጻፉ። ካርድ በተገኘ ቁጥር "ወይዘሮ" ወይም "አቶ" ብለው ሙሉ ስም ይጠራሉ። ሌላ ጊዜ "ስኳር፣ ቀጣይ!" ተብለው የሚገቡት ሰዎች ልብሳቸውን እያስተካከሉ ገቡ። ቢሆንም ምሳ ሰዓት አለፈ፤ ለምርመራ ብለው ሳይቀምሱ የመጡ ሁለት አሮጊቶች መንቀጥቀጥ ጀመሩ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ዶክተሯ፣ እኔን አስጠራችኝ። "ያመጧቸው እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ይመልሷቸው።"

እኔ ፈሪ ነኝ። "ጋሼ፣ የበጎ ፈቃደኞች ቁጥር ሞልቷል ተባለ" አልኳቸው።

"በደብዳቤ ይገለጽልኝ።"

ድምፃቸው የድሮው አልነበረም። ጻፍኩላቸው። ደብዳቤ መጻፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና አሳምሬ ነው ያባረርኳቸው፤ "ላበረከቱት የማይተካ አስተዋጽኦ ከልብ እያመሰገንን…" አነበቡት። ቀይ እስክሪብቶ አወጡና "ቀን የለውም" ብለው መለሱልኝ። ቀኑን ጨመርኩ። ፈርመው ተቀበሉ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው "ታካሚ ያልሆነ አይገባም" ብሎ መለሳቸው። ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? እንደ ማንኛውም በሽተኛ ለምርመራ ተሰለፉ። ስኳር አልተገኘባቸውም። እንደዚያ ያዘነ ጤነኛ በሕይወቴ አላየሁም። ነርሷ ግን ግፊታቸውን ለክታ "ትንሽ ከፍ ብሏል አባቴ፤ ሐሙስ ሐሙስ መምጣት ይኖርብዎታል" ስትላቸው፣ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቋት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ አግዳሚው ላይ ናቸው። ሥራ የሰጣቸው የለም፤ ስለዚህ የሚነጥቃቸውም የለም። ለደከመ ተራ ይይዛሉ፣ ዓይኑ ለማያይ የመድኃኒቱን ወረቀት ያነባሉ፣ ነርሷ "ቀጣይ!" ስትል የሰውየውን ስም እስከ አያቱ ይጠሩለታል።

ባለፈው ሳምንት በኮሚቴ ስም ጎራ ብዬ ነበር። ጋሽ ማኅተም አልነበሩም። አግዳሚው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አንዲት ባዶ ቦታ አይቼ ልቀመጥ ስል አንዲት አሮጊት መዳፋቸውን ዘረጉባት።

"ተው፣ የሰው ቦታ ነው።"

"የማን?"

"የሳቸው ነዋ! ጉንፋን ይዟቸው ነው፣ ይመጣሉ። ደግሞስ አንተ ምንህን ታመህ ነው?"

ዞሬ ነርሷ ዘንድ ገባሁና ክንዴን ገለጥኩ። ለካችኝ። "እርስዎ ጤነኛ ነዎት፤ የጎረምሳ ግፊት ነው" አለችኝ።

ሌላኛውን ክንዴን ዘረጋሁላት።