ዓሣዎቹ መንገዱን የገደቡ ለት

ትናንት ሌሊት ዓሣዎች መንገድ ሲገድቡ በሕልሜ አየሁ። እኔም የመስኖ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነኝና ነገሩ ከሥራዬ ጋር ይያያዛል። በወንዛችን ላይ ያሠራነው የሲሚንቶ ግድብ ከተመረቀ ገና ብዙ አልቆየም።

ባለቤቴን አንጓችን ወደ እናቷ ቤት እየወሰድኳት ነበር። በእኛ አገር ሴት የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ዓሣዎቹ ላብ በላብ ሆነው ሲሚንቶ ያቦካሉ። መንገዱን ዳር እስከ ዳር በግንብ ዘግተውታል። አንዲት ሆዷ በእንቁላል የተነፋ ዓሣ ጃንጥላ ይዛ ታሠራለች።

«እትዬ፣ ባክዎን ያሳልፉን፤ መውለጃዋ ደርሷል» አልኳት።

«ትዝለላ!»

«እርጉዝ እንዴት ትዘላለች?»

«እኔስ? በየክረምቱ ልወልድ ሽቅብ ስወጣ ኖሬ ዘንድሮ ግድብህ ሥር ቀረሁ። ‹ዓሣ እንደሆነ ይዘላል› ብለህ በስብሰባ ያስጨበጨብከው አንተ አይደለህም?»

ጭብጨባው ትዝ አለኝ። ደማቅ ነበር።

ከግንቡ ሥር ቢቨር ቆሟል፤ ያ በፈረንጅ አገር እንጨት በጥርሱ እየቆረጠ ወንዝ የሚገድበው እንስሳ። የኢንጂነር ቆብ አድርጓል።

«የእኔ ግድብ ያፈሳል» አለኝ በሐዘን። «በጭራሮው መሀል ውሃ ይሾልካል፤ ወንዙ ሲሞላ ዓሣው መሄጃ አያጣም። ኮሚቴህ ግን ‹ጥራት የለውም› ብሎ ከጨረታ ጣለኝ።»

አንጓች ወገቧን ይዛ ጮኸች። አንድ ጥምጣም ያደረገ ዓሣ ቀረብ ብሎ ክንዴን ነካ ነካ አደረገና «ምነው ፍልሰታ ባልሆነ!» አለ።

«ሰው እኮ ፍስክ አይደለም የሚሉ አሉ» አለው ሌላው።

ክርክሩ ጦፈ። አብዛኞቹ ሰው በጾም ይበላል ወደሚለው ሲያደሉ ሳይ አንጓችን ታቅፌ ዘለልኩ።

ከአልጋዬ ወደቅሁ። አንጓች አጠገቤ ቆማለች፤ ነጠላዋን ደርባ፣ ወገቧን ይዛ።

«ተነስ እንጂ! መጣብኝ፤ እናቴ ቤት ውሰደኝ!»

ሊያደርሰን ቃል ለገባው ለባለባጃጁ ለይስማው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ግድባችሁ ውሃውን መልሶ መንገዱ ላይ ለቆታል» አለኝ። «ባጃጅ ቀርቶ በቅሎም አያልፍ።»

«ምንም የሚያልፍ የለም?»

«ዓሣው እያለፈ ነው፤ በመንገዱ ሽቅብ።»